ስለ ሻዩ ማንም አልጠየቀም

ይሄ ሦስተኛው ፎጣ ነው። ሁለቱ ቀልተው የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተጥለዋል፤ ይሄኛውም ከአባባ ኤልማር አፍንጫ ሥር ሆኖ ከጫፉ መርጠብ ጀምሯል።

«ቀና አይበሉ አባባ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ» አለች ኬርቱ። ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ሲሰጣቸው የሰማችው ነው። «አፍንጫዎን እዚህ ጋ ጠበቅ አድርገው ይያዙት። እንዳይለቁት።»

«ነስር እኮ ነው! ልጅ ሆኜ በየቀኑ ነበር የሚነስረኝ» አሉ አያቷ። ድምፃቸው ግን በፎጣው ታፍኖ የሌላ ሰው ድምፅ መስሎ ወጣ።

«ከጀመርዎት ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ከምሳ በፊት ነው።»

ኬርቱ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው። ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም። የአያቷን የሸሚዝ እጅጌ ሰብሰብ ስታደርግ ክንዳቸው ላይ መዳፍ የሚያህል ሐምራዊ ብልዝ ታያት።

«ይሄስ?»

«በሩ ነክቶኝ ነው።»

በሩ ነክቶት እንዲህ የሚሆን ሰው የለም። ኬርቱ ስልኳን አውጥታ መጀመሪያ አምቡላንስ፣ ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

እናቷ ማሬት ከምትሠራበት የእንጨት ፋብሪካ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ስትመጣ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም፤ ትከሻዋ ላይ የመጋዝ ብናኝ ነበረባት። ኮሪደሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር ያደረገች ወጣት ሐኪም ወጣች።

«ነስሩ ቆሟል» አለች ሐኪሟ። «ችግሩ ደማቸው ከሚገባው በላይ መቅጠኑ ነው። ለልባቸው ብለን የደም ማቅጠኛ ክኒን ሰጥተናቸዋል፤ በየጊዜው የምንለካው ቁጥር አለ፤ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት። የሳቸው ከስድስት አልፏል። አፍንጫቸው ሆኖ ነው እንጂ ጭንቅላታቸው ውስጥ ቢሆን ኖሮ…» ኬርቱን አይታ ዝም አለች። «ክኒኑን ማነው የሚያዘጋጅላቸው?»

«ላይኔ» አለች እናቷ። «ከማዘጋጃ ቤት የምትላክ ተንከባካቢ ናት። በየሳምንቱ ሰኞ የሰባቱን ቀን ሣጥን ውስጥ ትደረድርላቸዋለች።»

«ሌላ መድኃኒት ጨምረዋል? የሕመም ማስታገሻ?»

«ምንም። የሚወስዱትን ሁሉ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«እንግዲያው ሣጥኑ ውስጥ አንድ በሚሆንበት ቦታ ሁለት እየተደረገ ሊሆን ይችላል» አለች ሐኪሟ።

እናቷ ጥርሷን ነከሰች። ስለ ሻዩ ማንም አልጠየቀም። ኬርቱም የጫማዋን ክር ስታይ ቆየች።

*

ሻዩ የተጀመረው ሐምሌ ላይ፣ በጋው መሃል ነው።

የአባባ ባለቤት የነበሩት ሴት አያቷ ሳልሜ በሕይወት ሳሉ በየበጋው ከወንዙ ዳር ነጭ አበባ ይለቅሙ ነበር። አንገርቫክስ ይሉታል። እርጥብ መሬት ላይ ከኬርቱ ደረት እስኪደርስ ያድጋል፤ ግንዱ ቀላ ያለ ነው፤ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ወተት አረፋ ይኮፈሳል። ሽታው ማርና ለውዝ አንድ ላይ የሆኑ ይመስላል። ጉንፋን የያዘው፣ መገጣጠሚያው የሚቆረጥመው ሁሉ ይጠጣዋል። ሳልሜ ከሞቱ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት አበባ የለቀመ አልነበረም።

«ለልቤ ክኒን ሰጡኝ፤ ለጉልበቴ ያሰበልኝ የለም» ይሉ ነበር አባባ ደረጃውን በወጡ ቁጥር። «የሳልሜ ሻይ ቢኖር!»

አንድ ቀን ኬርቱ ቅርጫትና መቀስ ይዛ ወረደች። አባባ ወንዙ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እየጠቆሙ ያዝዟት ጀመር።

«ጤዛው ይድረቅ መጀመሪያ! ርጥቡን ከለቀምሽው ይሻግትብሻል።»

«ደርቋል አባባ።»

«ያኛውን ተይው፤ አርጅቷል። ገና ያልፈነዳ እንቡጥ ያለበትን ነው የምትቆርጪው። ሥሩን አትንኪ፤ ለከርሞም እንፈልገዋለን።»

«ልጠበው?»

«ኧረ በስማም! ሽታው ሁሉ ከውሃው ጋር ይሄድ የለ!»

አበባውን አሮጌ አንሶላ ላይ ጥላ ሥር ዘረጉት፤ ውስጡ የተደበቁት ጥንዚዛዎች አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ። ከዚያ ኬርቱ ጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል አወጣችው። ፀሐይ የማይነካው፣ ንፋስ ግን የሚያገኘው ቦታ ነው። በሳምንቱ ስትነካው ኮሽ ኮሽ አለ። ከግንዱ አራግፋ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ሞላችበት።

የመጀመሪያውን ኩባያ ያፈላች ዕለት ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ አሳረፈችው። አንድ ማንኪያ አበባ ጨመረች፤ ሽታው እንዳያመልጥ በድስት ክዳን ከደነችው፤ ዐሥር ደቂቃ ጠብቃ አጠለለችው፤ ማር ጨመረችበት። አባባ አንድ ጊዜ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሳልሜ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ራሱ ነው።»

ኬርቱ በሒሳብ መካከለኛ ናት፤ በሩጫም እንደዚያው፤ መዘምራን ውስጥ ደግሞ ከኋላ ረድፍ ነው የምትቆመው። በሠራችው ነገር «ራሱ ነው» ያላት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ያን ዕለት ማሩን ልትመልስ የቁምሣጥኑን በር ስትከፍት እናቷ ከውስጥ የለጠፈችውን ወረቀት አየችው። ከዚህ በፊትም አይታው ታውቃለች፤ አንብባው ግን አታውቅም። «ከዚህ ክኒን ጋር፣ ሐኪም ሳያማክሩ፣ ሌላ መድኃኒትም ሆነ ቅጠላ ቅጠል አይውሰዱ» ይላል።

«አባባ፣ እዚህ ላይ እኮ…»

«አርባ ዓመት ጠጥቼዋለሁ። ገደለኝ?»

«ያኔ ክኒኑ አልነበረም።»

አባባ ኩባያውን አስቀመጡ። «ስሚ ኬርቱ። እናትሽ ምክንያት ነው የምትፈልገው። ብቻዎን መኖር አይችሉም ስትል ስንት ጊዜዋ ነው? አንድ ነገር ካገኘች የአረጋውያን ቤት ትከተኛለች። ይሄ የእኔና ያንቺ ነው።»

ማሰሮው ከዱቄቱ ጀርባ ተደበቀ። ሐምሌ ላይ በቀን አንድ ኩባያ ነበር። ነሐሴ ላይ ሁለት ሆነ። ትምህርት ሲከፈትና ዝናቡ ሲመጣ፣ ጉልበታቸው እየባሰ ስለሄደ፣ ሦስት ሆነ፤ ጠዋት ጠዋት ራሳቸው ያፈላሉ፤ ከሰዓት እሷ ታፈላለች። «ይወፍር እንጂ፣ ውሃ አደረግሽው እኮ» ስላሏትም አንዱ ማንኪያ ወደ ሦስት አደገ።

*

በማግስቱ ረቡዕ እናቷ ወጥ ቤት ቆማ ማዘጋጃ ቤት ስትደውል ኬርቱ ከጎን ካለው ክፍል ሰማቻት።

«ላይኔን ከእንግዲህ አባቴ ደጅ እንዳላያት! ሰው ልትገድል ነበር እኮ! … ተሳስታ ነው ወይስ ዓይኗ አያይም እኔ ምን አውቃለሁ? … አዎ፣ በጽሑፍም አቀርባለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ባዮሎጂ ነበራቸው። ተማሪው ሁሉ በበጋው ዕረፍት ለቅሞ፣ መጽሐፍ ውስጥ አድርቆ፣ ወረቀት ላይ የለጠፈውን ተክል ማስረከቢያው ቀን ነው። መምህር አይቫር የኬርቱን ወረቀት አነሱና ለክፍሉ አሳዩ።

«አንገርቫክስ! ይሄ ተክል ቤታችሁ ካለው የራስ ምታት ክኒን ጋር ይዛመዳል ብላችሁ ታምናላችሁ? ከዚህና ከአኻያ ዛፍ ልጥ ነው የተጀመረው። አስፕሪን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከዚህ ተክል የድሮ የላቲን ስም ነው።»

ኬርቱ እጇን ስታወጣ ለራሷም አልታወቃትም። «አስፕሪን ደም ያቀጥናል፣ አይደል?»

«በትክክል።»

«አበባውስ?»

«አበባውም በመጠኑ። ጤነኛ ሰው አንድ ኩባያ ቢጠጣ ምንም አይለው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ግን… እኔ ብሆን አልነካውም። ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው» አለች።

ከትምህርት በኋላ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ጓደኛዋ ሊሲ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ አመድ የመሰለው?»

ኬርቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ለማንም ያልነገረችውን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችላት። ሊሲ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

«ኦኬ። ስሚኝ። ይሄን ማን ያውቃል? አንቺና እሳቸው። በቃ! ጭጭ ነው።»

«ወይዘሮ ላይኔስ?»

«ያቺ ነጭናጫ? "ወለሉን አጭቀየሽው፣ በሩን አትወርውሪው" እያለች ስትጨቀጭቅሽ አልነበር? ባክሽ አትፎግሪ። ደሞ ካወራሽ አያትሽ አለቀላቸው። እናትሽን አታውቂያትም እንዴ?»

ሊሲ ክፉ ልጅ አይደለችም። የተናገረችው ሁሉ ኬርቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ለራሷ ስትለው የነበረ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን አስቀያሚ ሆኖ ተሰማት።

አውቶቡሱ መጣ። ኬርቱ ወደ ቤት በሚወስደው ሳይሆን ወደ ሆስፒታሉ በሚሄደው ተሳፈረች።

አባባ አልጋው ውስጥ አንሰው ታዩዋት። አፍንጫቸው ላይ ጥጥ አለ። ሲያዩዋት ፊታቸው ፈካ።

«ቅዳሜ ያስወጡኛል! ክኒኑንም ለጥንቃቄ በግማሽ ቀንሰውልኛል። አየሽ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ።»

ኬርቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሻዩ ነው። መምህሬን ጠየቅኩ። ደም ያቀጥናል።»

«ቀስ በይ» አሉ ወደ ጎረቤት አልጋ እየተመለከቱ። «እሺ፣ ከእንግዲህ አልጠጣም። አለቀ።»

«ሻዩን ከተዉት፣ ግማሹ ክኒን ያንስዎት ይሆናል እኮ። ሐኪሟ አታውቅም።»

«ሐኪም ነሽ እንዴ?»

«ወይዘሮ ላይኔ ደግሞ ተባረሩ።»

አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ሌላ ቤት ይመድቧታል። ሴትዮዋ ጠንካራ ናት፤ ትችለዋለች። እኔ ግን እዚያ ቤት አንዴ ከገባሁ አልወጣም። ጓደኛዬ ኦስካር ገብቶ ዓመት ሞላው? አልሞላውም። ቀብሩ ላይ አብረን ነበርን።» እጇን ያዙ። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ፤ አያያዛቸው ግን ያማል። «ቃል ግቢልኝ።»

ኬርቱ ምንም አላለችም። እሳቸው ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥረው መዳፏን መታ መታ አደረጉት። ኬርቱ በአያቷ አፍራ አታውቅም። ያን ቀን ግን ከአልጋው ስትነሳ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

*

ዓርብ ዕለት እናቷ የአባባን ምላጭና ነጠላ ጫማ ከቤታቸው እንድታመጣ ላከቻት። በሩ አልተቆለፈም። ወይዘሮ ላይኔ ካፖርታቸውን እንደለበሱ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የክኒኑ ሣጥን፣ ባዶና ሙሉ ፓኬቶች፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተደርድሯል።

«አትደንግጪ» አሉ። «ቁልፉን ልመልስ ነው የመጣሁት። እግረ መንገዴን ብዬ…» ወረቀቱን በጣታቸው መቱት። «ስቆጥር ሦስተኛዬ ነው። ልክ ይመጣል። የተሰጠው፣ የተወሰደው፣ የቀረው ልክ ነው። እናትሽ ግን መሳቢያው ውስጥ አሮጌ ፓኬት ነበር፣ ከእሱም ጨምረሻል ትላለች። እኔ ደግሞ ጥዬዋለሁ። ጥዬዋለሁ ብዬ አስባለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አሁን አላውቅም።»

ኬርቱ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ወይዘሮ ላይኔን መነጽር አውልቀው አይታቸው አታውቅም። ዓይኖቻቸው ሥር አብጧል።

«ሃያ ስድስት ዓመት ነው እዚህ ሥራ ላይ የቆየሁት» አሉ ለኬርቱ ሳይሆን ለሣጥኑ እንደሚያወሩ። «ትናንት አንዲት አሮጊት ቤት ክኒን ስደረድር እጄ ተንቀጠቀጠ። አልቻልኩም። አለቃዬ ጋ ደውዬ ሌላ ሰው ላኩ አልኳት። ሰው ከምገድል ብተወው ይሻላል።»

ኬርቱ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ወይዘሮ ላይኔ…»

«ምን?»

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩዋት፤ ጠበቁ።

«የአባባ ምላጭ… የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ?»

«መታጠቢያ ቤት፣ ከመስታወቱ ጀርባ። አዲሱን ስለት ውሰጂላቸው። አሮጌው ቆዳቸውን ይልጠዋል፤ አሁን ደግሞ መድማት የለባቸውም።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ኬርቱ በመስኮቱ አየቻቸው። ብስክሌታቸውን ሳይወጡበት፣ በእጃቸው እየገፉ፣ በዝናቡ ውስጥ ቀስ ብለው ሄዱ።

ከዚያ ዱቄቱን ገፋ አድርጋ ማሰሮውን አወጣች። ግማሽ ያህል ቀርቷል። ክዳኑን ስትከፍተው የሐምሌ ሽታ ወጣ። ወንዙ ከቤቱ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። አሁን ወርዳ ብትደፋው፣ ማሰሮውን አጥባ መደርደሪያ ላይ ብትመልሰው፣ ነገሩ ሁሉ ያልነበረ ይሆናል። ጓሮ በር ድረስ ሄደች። እጀታውን ያዘች። ዝናቡ ደረጃው ላይ ሲንጠባጠብ እያዳመጠች እንዲሁ ቆመች።

ማሰሮውን በሻርፕዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

*

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ለብሰው፣ ተላጭተው፣ አልጋው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሐኪሟ አዲሱን የክኒን መጠን የጻፈችበትን ወረቀት ለኬርቱ እናት ሰጠቻት።

«ግማሽ ብቻ። በአንድ ወር ተመልሰው ይምጡ።»

«ዶክተር» አለች ኬርቱ። «አንድ ነገር አለ።»

«ኬርቱ!» አሉ አባባ።

ኬርቱ ማሰሮውን ከሻርፑ ውስጥ አውጥታ አልጋው አጠገብ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። «አንገርቫክስ ነው። ሻይ። በቀን ሦስት ኩባያ፤ ለአንድ ኩባያ ሦስት ማንኪያ። ከሐምሌ ጀምሮ። ለቅሜ ያደረቅኩት እኔ ነኝ። የማፈላላቸውም እኔ ነኝ። የቁምሣጥኑን የማስጠንቀቂያ ወረቀት አንብቤዋለሁ።»

«የምን ሻይ?» አለች እናቷ።

ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። አልተቆጣችም። ኩባያው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠጡ፣ መቼ መቼ እንደተጨመረ አንድ በአንድ ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ እጇን ወደ ማሬት ዘረጋች።

«ወረቀቱን ይመልሱልኝ።» ተቀብላ ለሁለት ቀደደችው። «ሻዩ ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም። ግን ይሄን ሳላውቅ በግማሽ ክኒን ልኬያቸው ቢሆን፣ ሻዩ ሲቆም ደማቸው ይረጋ ነበር። ያኔ ደግሞ የሚመጡት በነስር አይደለም። ዛሬ አይወጡም፤ እንደገና እንለካቸዋለን።»

አባባ ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አሉ።

«አልገባሁም አባባ። ዝም ነው ያልኩት።»

እውነት ነበር። ግን አላጽናናትም።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ኬርቱ ጩኸት ነበር የጠበቀችው። ማሬት ግን አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ያቺን ሴትዮ ምን ብዬ እንደተናገርኳት ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ።»

«አዎ።»

«እኔ መርማሪ ነኝ እንዴ? ከእኔ ተደብቃችሁ ነው ሻይ የምትጠጡት?» ድምፅዋ ተሰበረ።

«የአረጋውያን ቤት ይወስዱኛል ብለው ፈርተው ነው።»

እናቷ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መልሳ ከተተችው። «ሰኞ ማዘጋጃ ቤት እደውላለሁ።»

«ዛሬ ወይዘሮ ላይኔ ቤት እንሂድ» አለች ኬርቱ። «ልንገራቸው። እኔ ራሴ።»

ወይዘሮ ላይኔን ያገኟቸው ጓሮ ነው፤ ለክረምቱ የተፈለጠ እንጨት እየደረደሩ ነበር። ኬርቱ ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። ስትጨርስ ሴትየዋ የያዙትን ፍልጥ አላስቀመጡም።

«ትናንት እዚያው ነበርሽ» አሉ። «ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ ስልሽ ፊት ለፊቴ ቆመሻል።»

«አዎ።»

«ስለ ምላጭ ጠየቅሽኝ።»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እናቷም የራሷን ይቅርታ ጠየቀች፤ ቃላቱ ተጋጩባት፤ እንደገና ጀመረች። ወይዘሮ ላይኔ ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይቅር ብያለሁ ግን አላሉም። «መመለሱን አስብበታለሁ» አሉ። ኬርቱ ጎንበስ ብላ አንድ ፍልጥ ልታነሳ ስትል «ተይው» አሏት። «ዛሬ ብቻዬን ልደርድረው።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ኬርቱ ዞራ አየች። ወይዘሮ ላይኔ ፍልጡን በፍልጥ ላይ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ከአንዱ ጋር ይገጥማል። እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር።

*

እሑድ ዕለት አባባ ሁለቱንም አላናገሩም። ሐኪሟ ቁጥሩ እየወረደ መሆኑንና የቀድሞውን ክኒን ሙሉውን እንደምትመልስላቸው ነገረቻቸው። ስለ መኖሪያቸው እናቷ «ሲወጡ ሦስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለች። አባባ ብርድ ልብሱን ወደ ጆሯቸው ሳቡ።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሊሲ አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ለኬርቱ ቦታ ለቀቀችላት። «ዛሬም ልትሄጂ ነው? አያናግሩሽም እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ?»

«የቤት ሥራ።»

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ ነበር። ኬርቱ ሰላም አለቻቸው። ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ የሒሳብ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራች። ሁለተኛው አልመጣላትም፤ ሰረዘችው። ጎረቤት አልጋ ላይ ያሉት ሰውዬ ሬዲዮናቸውን ከፍተው ዘጉ። ነርሷ እርጎና ጥቁር ዳቦ አምጥታ አስቀመጠች፤ አባባ አልነኩትም።

ብዙ ቆይቶ፣ ሳይዞሩ፣ «ወንበሩ ይንቋቋል» አሉ። ድምፃቸው ሻካራ ነበር። «ዝም ብለሽ መቀመጥ አትችዪም?»

«እችላለሁ» አለች ኬርቱ።

በመስኮቱ በኩል ወደ ቤቷ የሚወስደው የዐሥር ሰዓቱ አውቶቡስ መጥቶ ሲቆም ታያት። ሁለት ሰዎች ወረዱ፤ አንዲት ሴት ተሳፈረች። የሚቀጥለው የሚመጣው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሲሄድ እስከ መታጠፊያው ድረስ አየችው። ከዚያ ወንበሩ እንዳይንቋቋ ቀስ ብላ ተደላድላ ተቀመጠችና የደብተሯን ገጽ ገለጠች።